አሥራ ሁለቱን ወደ አምስት አውርዷቸው

ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጠው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ኮድ ይጽፋል፣ አንዷ ትስላለች፣ ሦስተኛው ታሪኩን ይጽፋል። በአርፒጂ ሜከር ኤምቪ ለስልክ የሚሆን ጌም ጀምረዋል። (አርፒጂ ተጫዋቹ ካራክተሮችን እየመራ በታሪክና በውጊያ የሚያልፍበት የጌም ዓይነት ነው፤ ሜከር ኤምቪ ደግሞ እሱን መሥሪያ ፕሮግራም።) ታሪኩ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተደብቀው ይሠሩ ስለነበሩ የውስጥ አርበኞች ነው። ተጫዋቹ የሚመራቸው 12 ካራክተሮች አስበዋል፦ አስተርጓሚ፣ አዝማሪ፣ የጠጅ ቤት ባለቤት፣ ወጌሻ፣ ሁለት ተኳሾች፣ ቄስ፣ ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ተማሪና ሊስትሮ። በአንድ ጊዜ ወደ ውጊያ የሚገቡት 4 ናቸው። «ካራክተር ሲበዛ ጌሙ ትልቅ ይመስላል ብለን ነበር፤ አሁን ግን ከበደን። ስንት ይበቃል?» ነው ጥያቄያቸው።

መልሴን ከፊት ልናገር። ውጊያ ውስጥ 3፣ በጠቅላላው 5፦ አስተርጓሚው፣ አዝማሪው፣ የጠጅ ቤቷ ባለቤት፣ ወጌሻውና አንዷ ተኳሽ። የቀሩትን 7 አትጣሏቸው፤ ወደ ኋላ ላይ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። ግን ምክንያቱን አብራችሁኝ እዩ። ምክንያቱን ካልያዛችሁ ነገ አንድ ጥሩ ሐሳብ ሲመጣላችሁ ቁጥሩ ተመልሶ 12 ይገባል።

«ስንት ካራክተር?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ጥያቄ ይዟል። በአንድ ጊዜ የሚዋጉት ስንት ናቸው? ተቀያሪ ሆነው የሚጠብቁት ስንት ናቸው? ታሪኩ ውስጥ ስምና ፊት ኖሯቸው የሚታዩትስ? ጀማሪ ቡድን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይነሳል። ታሪክ ጸሐፊው ሰዎቹን ይወዳቸዋል፣ ሁሉም ይግቡልኝ ይላል። እናንተ ከመጀመሪያው ተነሱ። ውጊያው የሚችለው ቁጥር የሌላውን ሁሉ ልክ ይወስናል።

የዘርፉ ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። (የጌሞቹን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ድራገን ኩዌስት የተባለው ተከታታይ ጌም የመጀመሪያው በ1986 ሲወጣ ተጫዋቹ የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጠላትም አንድ ባንድ ነበር የሚመጣበት። በ1987 የወጣው ሁለተኛው 3 ሰው አሰለፈ፣ በ1988 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ 4። ሰዎቹ ሲበዙ ጠላቶቹም በቡድን መምጣት ጀመሩ። ከዚያ ደግሞ ወደ ታች የወረደም አለ። ፋይናል ፋንታሲ የተባለው ሌላ ተከታታይ ጌም በስድስተኛው፣ በ1994፣ ውጊያ ላይ 4 ያሰልፍ ነበር። በ1997 በሰባተኛው 3 አደረገው። ክሮኖ ትሪገርም በ1995 በ3 ነው የሠራው። ማንም «ሰው አነሰ» ብሎ አላለቀሰም።

የእናንተ ጌም የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ይህ ትልቁ ነገር ነው። ውጊያ ላይ ለእያንዳንዱ ካራክተር ስም፣ ጤና፣ ጉልበትና ያለበት ሁኔታ መታየት አለበት። የእኛ ፊደል ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። «ጭ» እና «ጯ»፣ «ሕ» እና «ሐ» በጣም ሲያንሱ እንደ ነጠብጣብ ይሆናሉ። በ4 ሰው ያንን ሁሉ ስታጨናንቁ ፊደሉን ማሳነስ ግድ ይላችኋል። በ3 ሰው ግን ታክሲ ውስጥ እየተንገጫገጨ የሚጫወት ሰው ሳይቸገር ያነባል። ተጫዋቻችሁ ደግሞ እሱ ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ እስኪደርስ አንድ ውጊያ መጨረስ የሚፈልግ ሰው።

ጊዜውንም አስሉት። በየዙሩ ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ ካራክተር አንድ ትእዛዝ ይመርጣል፤ አንዱን ለመምረጥ 5 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በ4 ሰው አንድ ዙር 20 ሰከንድ ምርጫ ብቻ ነው። ውጊያው 6 ዙር ቢሄድ ምርጫው ብቻውን 2 ደቂቃ ወሰደ፤ ጥቃቱ፣ የጠላት ተራና ጽሑፉ ገና አልተጨመሩም። በ3 ሰው 90 ሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ተጫዋቹ ግን ያንን ውጊያ መቶ ጊዜ ነው የሚደግመው።

ስለዚህ 3። አርፒጂ ሜከር ኤምቪ ሲከፈት የውጊያውን ልክ 4 አድርጎ ነው የሚመጣው። ኮድ ጸሐፊያችሁ በአንድ መስመር ይለውጠዋል።

ተቀያሪው ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ሒሳቡ ቶሎ ያብጣል። ከ12 ሰው 4 ለመምረጥ 495 ዓይነት አሰላለፍ አለ። ከ5 ሰው 3 ለመምረጥ 10 ብቻ። 495 አሰላለፍ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ሊሞክረው አይችልም። በመካከሉ ጌሙን ያለ ልፋት የሚጨርስ አንድ አሰላለፍ ይኖራል። ምንም ማድረግ የማይችልና ተጫዋቹን መሐል መንገድ ላይ የሚያስቀር ሌላም ይኖራል። ሁለቱንም የምታገኙት ከለቀቃችሁት በኋላ ነው፣ በሰው ስድብ። 10ሩን አሰላለፍ ግን ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ትጫወቷቸዋላችሁ።

ሌላም አለ። ተጫዋች የሚወደውን ሦስት ወይም አራት ሰው ካገኘ በኋላ የመቀያየር ፍላጎቱ ይቀንሳል። ይህ የጸና ልማድ ነው። ከ12 ሰው 4 ሲመርጥ 8 ሰው ሳይነካ ይቀራል። የሳላችሁት፣ የጻፋችሁት፣ ሙዚቃ የሠራችሁለት 8 ሰው። ከ5 ሰው 3 ሲመርጥ የሚቀሩት 2 ናቸው፤ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ይናፍቁታል። «ወጌሻውን ይዤ ብመጣ ኖሮ» እንዲል ነው የምትፈልጉት። ያ ቁጭት የሚመጣው የቀረው ሰው ጥቂትና የታወቀ ሲሆን ነው።

አሁን ማንም የውጭ መማሪያ የማይነግራችሁ ነገር ላይ ደረስን። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይኼ ነው። ጌማችሁ በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ግሱ ራሱ ሰውየው ማን እንደሆነ ይናገራል። ወጌሻው ለቆሰለ ጓዱ «ቁስልህን አሳየኝ» ይላል። የቆሰለችው ተኳሿ ከሆነች «ቁስልሽን አሳዪኝ» ነው። የጠጅ ቤቷ ባለቤት ከሆኑ፣ በዕድሜም በክብርም ከፍ ያሉ ናቸውና፣ «ቁስልዎን ያሳዩኝ» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሆነ። ሁለት ሰው ላይ ቢናገር «አሳዩኝ» ተጨምሮ አራት። ፕሮግራሙ የካራክተሩን ስም በቦታው ሊተካ ይችላል፣ ግሱን ግን አይለውጥም። እያንዳንዷ «ማንም ሊሆን የሚችል ሰው» የቆመባት ቦታ በ«እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ከሆነ» ተከፋፍላ መጻፍ አለባት።

ይህን በ12 ሰው አስቡት። እያንዳንዱ ሰው ሌሎቹን 11 ሰዎች የሚጠራበት መንገድ አለው። 12 በ11፣ 132 የአጠራር ግንኙነት። ሊስትሮው ቄሱን እንዴት ይጠራል? አባቴ? አባ? ቄሱስ ሹፌሩን? ሹፌሩ ልብስ ሰፊውን «ጋሼ» ይለዋል ወይስ እኩያው ነው? ታሪክ ጸሐፊያችሁ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ሊይዘው አይችልም። በ14ኛው ትዕይንት ላይ አዝማሪው የጠጅ ቤቷን ባለቤት «አንቺ» ብሎ ቁጭ ይላል፣ በ15ኛው «እርስዎ»። ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ያንን ወዲያው ነው የሚይዘው። ሥዕሉ ቢያምር ዋጋ የለውም፣ ሰዎቹ ውሸት ይሆኑበታል።

በ5 ሰው 20 ግንኙነት ነው። በአንዲት ገጽ ይጻፋል። እንዲያውም ዛሬውኑ ሠንጠረዥ አድርጉት። በቁም የሚናገረውን ሰው፣ በአግድም የሚነገረውን ጻፉ፤ በየሳጥኑ ውስጥ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ» እያላችሁ ሙሉ። ሠንጠረዡ ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚያስደስት ነገር ታገኛላችሁ፦ የሚለወጡትን ሳጥኖች። ተኳሿ ከገጠር ስትመጣ አስተርጓሚውን አታምነውም። ከጣሊያን ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ «እርስዎ» ትለዋለች፣ በቀዝቃዛው። በስንተኛው ምዕራፍ ነው «አንተ» የምትለው? ያቺ ቀን ከየትኛውም የሙዚቃ ማጀቢያ በላይ ተጫዋቹን ትነካዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ለ20 ሳጥን በጥንቃቄ መሥራት ይቻላል። ለ132 አይቻልም።

ለውጊያው ጽሑፍ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። «ወደቀ፣ ወደቀች፣ ወደቁ» እያላችሁ ሦስት ጊዜ ከመጻፍ ግሱን አውጡት። «ጉዳት፦ 12»፣ «ሁኔታ፦ ቁስለኛ» በቂ ነው። ግሱን ለንግግሩ አስቀምጡት፣ የሚያምርበት ቦታ እዚያ ነው።

ብዙ ካራክተር ያላቸው ትልልቅ ጌሞችም በዚሁ በንግግር ነው የተፈተኑት። ክሮኖ ክሮስ በ1999 ሲወጣ 45 ካራክተር ነበረው፤ ወደ ውጊያ የሚገቡት 3 ናቸው። ለ45 ሰው እያንዳንዱን ትዕይንት ለየብቻ መጻፍ ስለማይቻል አንድን ንግግር በየሰዉ አነጋገር እየለወጠ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ተጠቅመዋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ግን አንዱ ካራክተር የተናገረውን ሌላውም በሌላ ዘዬ ይናገረው ነበር፣ ሐሳቡ አንድ ነው። ኦክቶፓዝ ትራቨለር በ2018 ሌላ መንገድ ሞከረ። 8 ካራክተር፣ ለእያንዳንዱ 4 ምዕራፍ፣ በድምሩ 32። በአንዱ ሰው ምዕራፍ ዋና ትዕይንት ውስጥ ግን ጓደኞቹ የሉም ማለት ይቻላል። አብረው ይዋጋሉ፣ ታሪኩ ሲነገር ይሰወራሉ። ብዙ ተጫዋች ቅሬታ ያቀረበውም እዚያ ላይ ነው። እነዚህ ከእናንተ ብዙ እጥፍ ሰውና ገንዘብ የነበራቸው ቡድኖች ናቸው።

ወደ ሥዕሉ ልሂድ። ይህን ሠዓሊያችሁ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ ግን ሁለቱ ወንዶች ቁጥሩን ይስሙት። በአርፒጂ ሜከር ኤምቪ አንድ ካራክተር ሲራመድ በ4 አቅጣጫ 3 3 ሥዕል ይፈልጋል፣ 12። የጎን ውጊያ (ተዋጊዎቹ ከጎን የሚታዩበትን) ከመረጣችሁ 18 እንቅስቃሴ በ3 ሥዕል፣ 54። ድምሩ 66። ከዚያ የፊት ሥዕሎቹ፣ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ሲፈራ፤ አንድ የፊት ገጽ 8 ቦታ አለው። ፊቱን ትተን 66ቱን ብቻ ለ12 ሰው ብናባዛ 792 ሥዕል ነው። ለ5 ሰው 330። እሷ ብቻዋን ናት የምትስለው።

አቋራጭ እንዳለ አውቃለሁ። የግራውን ሥዕል ገልብጦ ቀኝ ማድረግ። የእናንተ ሰዎች ግን ነጠላ ይለብሳሉ። ነጠላውን በግራ ትከሻ ላይ የጣለ ሰው ሲገለበጥ በቀኝ ይሆንበታል። ወደ ግራ ሲሄድ በአንዱ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ በሌላው። አዝማሪውም ማሲንቆውን በየዙሩ እጅ ይቀያይርበታል። ለአንድ መንገደኛ ይህ ችላ ይባላል። ተጫዋቹ ብዙ ሰዓት ለሚያየው ዋና ሰው ግን ሠዓሊዋ ሁለቱንም ጎን ለየብቻ መሳል አለባት። ለ5 ሰው ጊዜ ይኖራታል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ለምን 12 እንደሚበዛ ነው። ግን ለምን 4 ወይም 6 ሳይሆን 5? ይህ ከእናንተው ታሪክ ነው የመጣው። የላካችሁልኝን የተልእኮ ዝርዝር አንዱን ልውሰድ። አንድ የቆሰለ አርበኛ ራስ መኮንን ድልድይ ስር ተደብቋል። መሽቷል። ድልድዩ ላይ ኬላ አለ። ሰውየውን ወደ ላይ፣ ፒያሳ ጠጅ ቤቱ ድረስ ማድረስ ነው።

አስተርጓሚ፣ ወጌሻና የጠጅ ቤቷ ባለቤት ሆነው ቢሄዱ ጥይት አይተኮስም። ወጌሻው ደሙ እንዳይታይ ቁስሉን ጠበቅ አድርጎ ያስረዋል። አስተርጓሚው የይለፍ ወረቀቱን አውጥቶ በጣልያንኛ «ሰክሮብኝ ነው» ይላል። ባለቤቷ ቀድመው ሄደው የጓዳውን በር ይከፍታሉ፣ ሰውየው ከጋኖቹ ኋላ ይተኛል። ዋጋው ግን አለ፦ ወረቀቱ በታየ ቁጥር አስተርጓሚው ላይ ጥርጣሬ ይጨምራል፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ቢሮ ውስጥ ይጠብቁታል። ተኳሿ፣ አዝማሪውና ወጌሻው ቢሄዱ ሌላ ጌም ነው። አዝማሪው ኬላው አጠገብ ማሲንቆውን ያነሳል፣ ዘቦቹ ይሰበሰቡለታል፣ አንዱ ብቻ ቦታውን ሳይለቅ ይቀራል። እሱን ተኳሿ ትጨርሰዋለች። ጥይቱ ይሰማል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኬላው እጥፍ ሰው ይኖረዋል። ወጌሻው ጨርሶ ከቀረ ደግሞ የቆሰለው ሰው ደም ይፈሰዋል፤ ለተጫዋቹ 8 ዙር ብቻ ስጡት።

አያችሁ? አምስቱ ሰዎች አምስት የተለያየ ነገር ያደርጋሉ፦ ያታልላል፣ ያዘናጋል፣ ይደብቃሉ፣ ያክማል፣ ትተኩሳለች። አሁን የቀሩትን አምጧቸው። ልብስ ሰፊው እዚህ ተልእኮ ላይ ምን ያደርጋል? ለቆሰለው ሰው ልብስ ይለውጥለታል። ያ ግን ኬላውን ማታለል ነው፣ አስተርጓሚው ያደርገዋል። ዘበኛው በር ይከፍታል፣ ባለቤቷም ይከፍታሉ። ሁለተኛው ተኳሽ ይተኩሳል። ሁለት ሰው አንድ ግስ ከተጋራ አንዱ ትርፍ ነው። ይህን ፈተና በሁሉም ተልእኮዎቻችሁ ላይ አድርጉት። በአንዱ ተልእኮ ላይ ማንም የማይተካው ስድስተኛ ግስ ካገኛችሁ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛውም ላይ ከደገመ፣ ስድስት አድርጉ፤ አልከራከራችሁም። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።

ታሪኩ ራሱ እነዚህን አምስቱን ነው የሚደግፈው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉት ሁለቱ አንዱ አብርሃ ደቦጭ ጣልያንኛ አዋቂና ለጣሊያኖቹ አስተዳደር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ሌላው ሞገስ አስገዶም ነበር። አስተርጓሚያችሁ በባዶ ሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ከአዲስ አበባ ለአርበኞች መረጃና መሣሪያ ሲያቀብሉ ተይዘው ጣሊያን አገር ድረስ በግዞት የተወሰዱት ሸዋረገድ ገድሌም አሉ። የጠጅ ቤቷ ባለቤት መሣሪያ ባይተኩሱም ዋና ካራክተር መሆን ይችላሉ የምለው ለዚህ ነው። እንዲያውም በጠጅ ቤቱ ጓዳ ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ፤ ዕቃ መያዣውን ሜኑ ከሳቸው ጋር አያይዙት።

አዝማሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። የጣሊያን አገዛዝ ይወድቃል የሚል ወሬ ይነዛሉ ተብለው ነው። ይህ ለጌም ሠሪ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የአዝማሪው ችሎታ ከሁሉም ርካሽ ነው። ማሲንቆውን ያነሳል፣ ጠላት ይዘናጋል፣ ምንም አይከፍልም። ከየካቲት 12 በኋላ ያው ችሎታ ነፍሱን የሚያስከፍል ይሆናል። ማሲንቆ ይዞ መንገድ ላይ መታየቱ ብቻ ያስገድለዋል። ቁልፉ ያው ነው፣ ትእዛዙ ያው ነው፣ ተጫዋቹ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ካራክተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫዋቹ ዘንድ ካልቆየ ይህ ስሜት አይመጣም። 12 ሰው እያፈራረቀ የሚጫወት ሰው አዝማሪውን በዚያች ቀን ምናልባት ቤት ትቶት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሠራበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። ሱይኮደን በ1995 የ108 ሰው ታሪክ አድርጎ ወጣ። ሁሉም አይዋጉም፤ አንዱ ሱቅ ይከፍታል፣ ሌላው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ሰው በገባ ቁጥር የተጫዋቹ ግንብ ይሞላል። ሰው መሰብሰቡ ራሱ ጨዋታው ነው። ፋይናል ፋንታሲ ስድስት 14 ቋሚ ካራክተር ነበረው፤ የመጨረሻው ግንብ ላይ ግን ሦስት ቡድን በአንድ ጊዜ አሰልፉ ይላል። ስለዚህ ያሳደጋችሁት ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ይፈለጋል። ማስ ኢፌክት 2 ደግሞ በ2010 በተጨማሪ ከቀረቡት ሁለት ጋር 12 ጓዶች ሰጠ። የመጨረሻው ተልእኮ ለጓዶቹ ሥራ አከፋፍሉ ይላል፤ ያለ ቦታው የተመደበ ሰው ይሞታል፣ ወይም ሌላውን ያስገድላል። ሦስቱም ቁጥሩ ለምን እንደበዛ በጨዋታው ውስጥ መልስ አላቸው። ከእናንተ 12 ግን ይህን መልስ አላገኘሁም። «ትልቅ ይመስላል» ብቻ ነው ያላችሁት። አንደርቴል በ2015 ለተጫዋቹ አንድ ልጅ ብቻ ሰጥቶት ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ቀሩት ሰባቱ። ሁሉም ይኑሩ፣ ግን ተጫዋቹ አይምራቸው። ቄሱን የሴቭ ቦታ አድርጓቸው። የንስሐ አባት ናቸው፣ ተጫዋቹ የደረሰበትን ለእሳቸው ይናገርና ጌሙ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊው ሱቅ ይሁን፣ መለወጫ ልብስ ይሽጥ። ዘበኛው ወሬ ይሽጥ፣ አንዳንዴም የውሸት ወሬ። ተማሪው ተልእኮ ያምጣ። ሹፌሩና ሁለተኛው ተኳሽ እንግዳ ተዋጊ ይሁኑ፤ በአንድ ምዕራፍ ገብተው የሚወጡ፣ ሜኑ የሌላቸው፣ ሌቭል የማያድጉ። አርፒጂ ሜከር ላይ ካራክተሩ ራሱ እንዲዋጋ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን አብሩት። ፋይናል ፋንታሲ አራተኛው በ1991 እንዲህ ሰው እያስገባና እያስወጣ ነው ታሪኩን የነዳው። ለእናንተ ያለው ጥቅም ቀላል ነው፦ ሹፌሩ የሚገባበትን ምዕራፍ እናንተ ስለወሰናችሁ ማን አጠገቡ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ንግግሩ አንድ ጊዜ ይጻፋል።

ሊስትሮውን ግን እባካችሁ ወደ ውጊያ አታስገቡት። ልጅ ነው። መልእክት ያመላልስ፣ የትኛው ኬላ ላይ ማን እንደቆመ ይንገር። በምዕራፉ መጀመሪያ ጠጅ ቤቱ ውስጥ ጫማ ሲጠርግ ተጫዋቹ ያናግረው፣ አሰላለፉንም ያኔ ይምረጥ።

ሁለት የቴክኒክ ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ተቀያሪዎቹ ቤት ሲቀሩም ልምድ ያግኙ። በኤምቪ የሲስተም ገጽ ላይ ምርጫው አለ፤ አብሩት። ካላበራችሁት ተጫዋቹ ወጌሻውን በስድስተኛው ምዕራፍ ሲፈልገው ደካማ ሆኖ ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ አይቀይርም። ሁለተኛ፣ አሰላለፍ መቀየር ውጊያ መሐል አይቻል። ጠጅ ቤት ውስጥ ብቻ ይሁን። ምርጫው የሚከብደው መመለስ ከሌለ ነው።

ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት የድልድዩን ተልእኮ ብቻ በአምስት ባለቀለም ሳጥን ሥሩት። ነጠላ የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ቀይ ሳጥን፣ ሰማያዊ ሳጥን። ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ሂዱ፤ ፒያሳ አካባቢም አራት ኪሎም ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። ስጡትና ዝም በሉ። ምንም አታስረዱ፣ አውራ ጣቱን ብቻ እዩ። ከተሸነፈ በኋላ በቀጥታ «እንደገና» ላይ ከተጫነ አምስቱ ሳጥኖች ገና አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ነው፣ ግሶቹን ይበልጥ ለያዩአቸው። አሰላለፉን ከፍቶ ሰማያዊውን አውጥቶ አረንጓዴውን ካስገባ ሠዓሊዋ ትጀምር፤ በአስተርጓሚው።